የምትነዱትን መኪና ይዛችሁ ኑ፦ ስለ ከፍተኛ የመንዳት ስልጠና ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በየስልኩ ሲዞር ሰነበተ። ለእኔ ብቻ ስድስት ሰው ልኮልኛል። ነገሩ የእኔው ሙያ ነው። መንጃ ፈቃድ አውጥተው መንዳታቸውን ከፍ ማድረግ የሚፈልጉ፣ ወይም ለሾፌርነት ሥራ አመልክተው የመንዳት ፈተና የሚጠብቃቸው ሰዎች በምን መኪና ይሰልጥኑ የሚል ነው። አንብቤ ዝም ልል ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን አንዲት ሰልጣኜ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ይቺን ቪትዜን ሸጬ ሌላ ልግዛ እንዴ? በእንዲህ ዓይነቷ አይሆንም ይላል እኮ» አለችኝ። መኪናዋን አውቃታለሁ። ፍሬኗ ይይዛል፣ ጎማዋ ደህና ነው፣ መሪዋ ወዲያና ወዲህ አይልም። ሴትየዋ እዚህ ድሬዳዋ በየቀኑ ከሳቢያን ሰፈር ከዚራ የምትመላለሰውም በእሷ ነው። ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለችውን መኪና የሚያሸጥ ምክር በዝምታ እንዳይታለፍ ብዬ ነው።

በመጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን በትክክል ላስቀምጥ። ስድስት ነገር ይላሉ። መኪናው አዲስና የደህንነት መሣሪያው የተሟላ ይሁን። ካምቢዮው ማኑዋል ይሁን፤ አውቶማቲክ ነጂን ያሰንፋል። ሞተሩ ከ2,000 ሲሲ አይነስ፤ ጉልበት የሌለው መኪና ከአደጋ አያወጣም። ቁመቱ ከፍ ያለ ይሁን፤ ከፍታ እይታ ይሰጣል። በአሰልጣኙ በኩል ሁለተኛ ፍሬን ይኑረው። ለፈተናው ቀን ደግሞ ከዕለት መኪናችሁ የተሻለ ተከራዩ። በመሀል ስለ ኤሌክትሪክ መኪናም አንድ ዐረፍተ ነገር ጣል አድርገዋል፤ እሱንም እነካዋለሁ።

ጽሑፉ በቅን ልብ የተጻፈ ነው። ሰው መንጃ ፈቃድ ከያዘ በኋላም መማር አለበት የሚለው መነሻቸው እውነት ነው። እኔ የማልስማማው መኪናውን ከነጂው ሕይወት ነጥለው በመምረጣቸው ነው።

ጸሐፊው «በሠለጠነው ዓለም እንዲህ ነው የሚሠራው» ብለው ስለጀመሩ እኔም ከዚያው ልነሣ። የከፍተኛ መንዳት ፈተና ታሪክ ረጅም ከሆነባቸው አገሮች አንዷ እንግሊዝ ናት። ዘዴው መልክ የያዘው ለንደን ውስጥ ሄንደን በተባለው የፖሊስ የመንዳት ትምህርት ቤት፣ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. ደግሞ ተራው ነጂም እንዲፈተን የሚያደርግ ተቋም ተመሠረተ። እዚያ ሰው የሚሰለጥነውም የሚፈተነውም በራሱ መኪና ነው። መኪናው ለመንገድ ብቁ ይሁን፣ መድን ይኑረው፣ ወረቀቱ የተሟላ ይሁን ይባላል። በእኛ አነጋገር ቦሎውና የሦስተኛ ወገን መድኑ ይኑር እንደማለት ነው። አውቶማቲክም ይፈቀዳል። ፈታኙ ከጎን ይቀመጥና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነጂውን ይከታተላል። የሚያየው ቅደም ተከተሉን ነው። ነጂው አስቀድሞ ዓይኑ ምን ሰበሰበ? መኪናውን የት አስያዘ? ፍጥነቱን በጊዜ ቀነሰ? ማርሹ ተስማሚ ነው? ከዚያ በኋላ ነው ነዳጅ የሰጠው? ይህን በቪትዝም፣ በአይሱዙም፣ በባጃጅም ማየት ይቻላል።

አሁን ወደ ነጥቦቹ። መኪናው አዲስ ይሁን በሚለው ላይ ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ሌላው ሁሉ እኩል ከሆነ ኤቢኤስ፣ ማለትም ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ የፍሬን ሥርዓት፣ ያለው መኪና ከሌለው ይሻላል። ፍሬን እስከ ታች ተረግጦም መሪ ይታዘዛል። መኪና እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠረውን ሥርዓት አውሮፓውያን ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዲስ መኪና ሁሉ ላይ ግዴታ ያደረጉት ሕይወት ስለሚያድን ነው። ኤሲውንም አልንቅም። በግንቦት ሙቀት ድሬ ላይ ሁለት ሰዓት የነዳ ሰው ጭንቅላቱ ይዝላል፤ የዛለ ጭንቅላት ደግሞ ዘግይቶ ያያል። ገንዘቡ ያለው ሰው ይግዛ።

ነገር ግን እግር የሚለምደው የያዘውን ነው። ኤቢኤስ በሌለው አሮጌ ኮሮላ ፍሬኑን ሙጭጭ አድርገህ ከያዝክ ጎማው ይቆለፋል፤ መኪናው መሪ አይሰማም። እዚያ መማር ያለብህ መርገጥና ማላላትን ነው። ኤቢኤስ ባለው መኪና ደግሞ ማላላት ስህተት ነው፤ ጠንክረህ ረግጠህ መያዝ ነው። ሁለቱ ተቃራኒ ናቸው። አንድ ሰው በተከራየው አዲስ መኪና ወር ሙሉ ተለማምዶ፣ ወደ አሮጌው መኪናው ተመልሶ ፍየል ቢገባበት እግሩ የሚታዘዘው የትኛውን ትምህርት ነው? ለዚህ ነው አዲስ መኪና በራሱ መልስ የማይሆነው።

አዲስ የሚለውም ቃል ያታልላል። አንድ ጊዜ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ መኪና ይዞ የመጣ ሰልጣኝ ነበረኝ። ከመነሣታችን በፊት እንደ ልማዴ ጎማው አጠገብ ቁጢጥ አልኩ። አቧራውን በጨርቅ ጠረግሁ። በሞላላ ክብ ውስጥ አራት አኃዝ አለ፤ 1811 ይላል። በ2011 እ.ኤ.አ. በ18ኛው ሳምንት የተሠራ ጎማ ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ነው። ጎኑን በአውራ ጣቴ ስጫነው ግን ፀሐይ እንዳደረቀው ጭቃ ስንጥቅጥቅ ብሏል። የድሬ ሙቀት ጎማን እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ብዙ ሳይነዳም ይደርቃል። የዚያን ቀን አልሰለጠንም፤ ጎሚስታ ጋ ሄድን። እነዚያን አራት አኃዞች የጎማችሁ ጎን ላይ ዛሬውኑ ፈልጓቸው። ጥርሱንም ለኩ። አውሮፓ ውስጥ ሕጉ ከ1.6 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ ያዛል፤ እኔ ግን እዚያ እስኪደርስ አልጠብቅም።

ወደ ማኑዋሉ እንምጣ። ይህ ነጥብ ብዙ ሰው ስለሚያምንበት ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጸሐፊው እንዲህ ይላሉ፦ ማኑዋል የሚነዳ ሰው ሞተሩን ይሰማል፣ ቁልቁለትን በማርሽ ይይዛል፣ አውቶማቲክ የሚነዳ ግን ሁሉን ለመኪናው ይተዋል። የመጀመሪያው ግማሽ ልክ ነው። ሥራው ማኑዋል የሆነ ሰው፣ ለምሳሌ የጭነት ሾፌር ለመሆን የሚያስብ፣ በማኑዋል ይሰልጥን። ክርክር የለኝም።

ለሌላው ሰው መልሱን የደንገጎ ቁልቁለት ይስጠን። ለማያውቀው፣ ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የደንገጎ አናት ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ከዚያ መንገዱ ይከፈላል፤ አንዱ በሐረማያና በአወዳይ ወደ ሐረር፣ ሌላው በቁልቢ ወደ አዲስ አበባ። ስለዚህ ወደ ድሬ የሚወርድ መኪና ሁሉ በኩርባ በኩርባ 800 ሜትር ይወርዳል። አንድ ቶን የሚመዝን መኪና ይህን ሁሉ በፍሬን ብቻ ልያዝ ቢል፣ ፍሬኑ ላይ የሚወጣው ሙቀት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ውሃ ያፈላል፤ ይተርፋልም። ሞተሩ መያዝ ያለበት ለዚህ ነው።

እዚያ ቁልቁለት ላይ ሁለቱንም ዓይነት ነጂ አይቻለሁ። አንዱ ልጅ አውቶማቲክ ኮሮላ ይዞ ነበር። ከላይ ጀምሮ ዲ ላይ አድርጎ ፍሬኑን ሳይለቅ ወረደ። ሆን ብዬ ትንሽ ታገስኩት፤ ከዚያ ሽታው መጣ። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ አንዴ ያሸተተ አይረሳውም። ሰፋ ያለ ቦታ ስናገኝ አስቆምኩት። ከፊት ጎማው ቀጭን ጭስ ይወጣል። ልጁ ውሃ ሊያፈስበት ኮዳ አነሣ። «ተው፣ ዲስኩ ይጣመማል፤ ቁጭ በል» አልኩት። ግማሽ ሰዓት ያህል ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ከዚያ ማርሹን ከዲ ወደ 2 አወረድን። ሞተሩ ጮኸ። ልጁ ደነገጠና «አቦ ሞተሩ ሊፈነዳ ነው እንዴ?» አለኝ። አይፈነዳም፤ መኪናውን እየያዘልህ ነው አልኩት። የቀረውን ቁልቁለት ፍሬኑን ከየኩርባው በፊት ብቻ እየነካ ወረደ። ልጁ አውቶማቲክ መኪና ሞተር ፍሬን እንዳለው እስከዚያች ቀን የነገረው ሰው አልነበረም። 2 እና ኤል፣ በአንዳንዱ ኤስ እና ቢ፣ ለዚህ ነው የተቀመጡት።

ሁለተኛው ማኑዋል የሚነዳ ነበር፤ የብዙ ዓመት ነጂ። ቁልቁለቱ ሲጀምር ማርሹን ዜሮ አደረገው። ለምን ስለው «ነዳጅ ለመቆጠብ» አለኝ። ቁጠባም የለውም፤ የአሁን ሞተሮች ማርሽ ላይ ሆነው ሲወርዱ ነዳጅ ይዘጋሉ፣ ዜሮ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ይጠጣሉ። ይህ ሰው ካምቢዮው ማኑዋል ነው፤ ፍሪሲዮን አለው፤ አምስት ማርሽ አለው። ግን ከአውቶማቲኩ ልጅ የባሰ አደጋ ላይ ነበር። ሁለቱም የጎደላቸው መኪናቸውን ማወቅ ነው፤ ካምቢዮ መቀየሩ ለሁለቱም ምንም አያደርግላቸውም ነበር።

ኤሌክትሪክ መኪናም የሚነሣው እዚህ ነው። ጸሐፊው «ለስልጠና አይሆንም» ብለው አልፈውታል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ብዙ ሰው የሚገዛው እሱን ነው። ታዲያ እነዚህ ሰዎች በምን ይሰልጥኑ? በራሳቸው መኪና ነው መሰልጠን ያለባቸው፤ ልዩ ጠባይ ስላለው ደግሞ የበለጠ ያስፈልጋቸዋል። ነዳጅ መስጫውን ስትለቁ ሞተሩ ራሱ ይይዛል፤ ጉልበቱንም ወደ ባትሪ ይመልሳል። ለደንገጎ ግሩም ነው። አንድ ነገር ግን እወቁ። ቁልቁለቱ አናት አጠገብ ባትሪውን ጢም አድርጋችሁ ሞልታችሁ ከተነሣችሁ ባትሪው የሚመለሰውን ጉልበት መቀበያ ቦታ ሊያጣ ይችላል። ያን ጊዜ የለመዳችሁት መያዝ ይቀንሳል። ትንሽ አጉድላችሁ ተነሡ። ይህን በተከራያችሁት ቤንዚን መኪና ማንም አያስተምራችሁም።

የሞተር ጉልበት። እዚህ ላይ ጸሐፊው በጣም ተሳስተዋል ብዬ አምናለሁ። መቅደም የሚችል መኪና ከአደጋ ያወጣል ይላሉ። እስቲ እናስላው። ከነተሳቢው 18 ሜትር የሚሆን የጭነት መኪና በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው። እናንተ በ60 ልትቀድሙት ነው። ከኋላውና ከፊቱ 20፣ 20 ሜትር ከተዋችሁ፣ የራሳችሁን ርዝመት ጨምሮ ከ60 ሜትር በላይ ማትረፍ አለባችሁ። 11 ሰከንድ ይፈጃል። በዚያ ጊዜ እናንተ 180 ሜትር ያህል ትሄዳላችሁ። ከፊት የሚመጣውም በ60 ከሆነ እሱም 180 ይመጣል። ስለዚህ 360 ሜትር ባዶ መንገድ ማየት አለባችሁ። ጉልበት ባለው መኪና በ80 ብትቀድሙስ? ያም ቢሆን ከ200 ሜትር በላይ ይፈልጋል። ከኩርባ ኋላ ያለውን 200 ሜትር ደግሞ 2,000 ሲሲ አያሳያችሁም። በትንሽ ሞተር የሰለጠነ ሰው አስቀድሞ ማየትን ይማራል፤ አልችልም ብሎ ከኋላ መቆየትንም ይማራል።

አንድ ነገር ልመንላቸው። ከድሬ ወደ ሐረር ስትወጡ አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። አምስት ሰው የጫነች 1,000 ሲሲ መኪና ዳገቱ ላይ ታቃስታለች። የሙቀት መለኪያውን እያያችሁ በዝቅተኛ ማርሽ ውጡ፤ ለመቅደም አትሞክሩ።

ከፍ ያለ መኪና ይሁን ስለሚለው አጭር መልስ አለኝ። ሥራው ሃርድ ቶፕ ላንድክሩዘር የሆነ ሰው፣ ወደ ገጠር የሚወጣ የድርጅት ሾፌር፣ በእሱ ይሰልጥን። ለሌላው ግን ከፍታ ሩቁን ሲያሳይ ቅርቡን ይሸፍናል። መጋላ ውስጥ ከኮፈኑ በታች ያለ ሕፃን ከረጅም መኪና ወንበር አይታይም። ሐረር ጀጎል ውስጥ ግንቡና ስፖኪዮው ሊነካኩ ምንም አይቀራቸውም። ክብደቱም አለ፤ ሁለት ቶን ተኩል የሚመዝን መኪና ደንገጎ ላይ ያንን ጀሪካን ሁለት ተኩል እጥፍ ያደርገዋል። ኩርባ ላይም ቁመቱ ለመገልበጥ ይቀርባል።

ሁለተኛ ፍሬን በአሰልጣኙ በኩል ይኑር የሚሉት ለጀማሪ ትክክል ነው። መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ግን በራሱ ውሳኔ መኖር መጀመር አለበት። ከጎኑ ሌላ እግር እንዳለ ካወቀ ዘግይቶ ይረግጣል፤ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። እኔ በምትኩ ሁለት ነገር አደርጋለሁ። የማላውቀውን ሰው በመጀመሪያው ቀን ደንገጎ አልወስደውም። ማለዳ ባጃጁ ሳይበዛ ከዚራ ውስጥ ዛፎቹ ሥር አስነዳዋለሁ፤ አደባባዩን ሲዞር፣ ሲያቆም፣ ሲነሣ አያለሁ። ሁለተኛ፣ መስታወቱ ላይ የምትለጠፍ ትንሽ ስፖኪዮ በእኔ በኩል አደርጋለሁ። ኋላውን እኔም ማየት አለብኝ። የሰልጣኙ መኪና ማሟላት ያለበት ለእኔ ይህቺን ስፖኪዮና በእኔ በኩል ያለ የሚሠራ የደህንነት ቀበቶ ነው።

የቀረው የኪራዩ ምክር ነው። ለፈተና ቀን የተሻለ መኪና ተከራዩ ይላሉ። ይህን ምክር ሳያነብ የፈጸመ አንድ ልጅ አውቃለሁ። ሾፌር ለመቀጠር ፈተና ነበረው። ቀጣሪው የራሳችሁን መኪና ማምጣት ትችላላችሁ ብሎ ነበር። ልጁ በአማቹ አሮጌ ኮሮላ ሦስት ወር ሰርቶ፣ በዋዜማው አፈረባትና ዘመናዊ መኪና ተከራየ። ጠዋት ላይ አደባባዩ ሲደርስ ፍሬቻ ልስጥ ብሎ የነካው የዝናብ መጥረጊያውን ነበር። እሱን ለማጥፋት ዓይኑን ከመንገዱ አነሣ። ከግራ ባጃጅ ገባበት። ፍሬኑ ከለመደው ይልቅ ሹል ስለነበር ፈታኙን ከነወረቀቱ ወደ ፊት ወረወረው። አልተጋጩም። ፈተናው ግን እዚያው አለቀ። ልጁ ከኮሮላዋ ጋር ቢመጣ ኖሮ ያልፍ ነበር ብዬ በሙሉ አፌ እናገራለሁ፤ አብሬው ስለነዳሁ።

አንዳንዱ ቀጣሪ ደግሞ በእኛ መኪና ብቻ ይላል። ያን ጊዜ ምርጫ የለም። ልጁ ከአራት ወር በኋላ የገጠመው እንዲህ ያለ ፈተና ነው። መኪናው ሃርድ ቶፕ ነበር፤ ነድቶት አያውቅም። ቁልፉን ሲሰጡት «አሥር ደቂቃ ስጡኝ» አለ። ፈታኙ እሺ አለው። ወንበሩን አስተካከለ። ሦስቱንም ስፖኪዮ አንድ በአንድ አቀና። ሞተሩን ሳያስነሣ ፍሬቻውን፣ መብራቱን፣ መጥረጊያውን በእጁ ፈልጎ አገኘ። ወርዶ ጎማዎቹን ዞሮ አየ፤ አንዱ ጋ ቁጢጥ ብሎ አቧራውን በመዳፉ ጠረገ። ተመልሶ ሞተሩን አስነሣ፤ ግቢው ውስጥ አሥር ሜትር ሄዶ ፍሬኑን ሁለቴ ሞከረው። ከዚያ ቀበቶውን አስሮ ፈታኙን «ዝግጁ ነኝ» አለው፤ በሩም ተከፈተላቸው።